ታጣፊ ብስክሌትና ትንሽ ጎማ የምታስከፍለው ዋጋ

በመካኒክስ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለ። የብስክሌቱ ጎማ ከጓደኛው ጎማ ሁለት ሦስተኛ እንኳ የማይሞላ ሰው፣ ከጓደኛው እኩል ለመሄድ ፔዳሉን አብልጦ መርገጥ ይኖርበታልን? አብዛኛው ተማሪ «አዎን» ብሎ ይመልሳል። እኔም ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ለንደን በነበርኩበት ጊዜ፣ ሱፍ የለበሱና ክራቫት ያሰሩ ሰዎች የሕፃን መጫወቻ በምትመስል ብስክሌት ሲከንፉ ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ነበር። ስሕተቴ የገባኝ ያገለገለች አንዲት ገዝቼ መንዳት ከጀመርኩ በኋላ መሆኑን ስናገር፣ ለፊዚክስ ተማሪ የማያኮራ መሆኑን አልክድም።

ሰዎቹ እንዲህ ያለችውን ብስክሌት የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ የማይታጠፍ ብስክሌት ይዞ መግባት በጥልቆቹ ዋሻዎች በማንኛውም ሰዓት፣ በሌሎቹም መስመሮች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የተከለከለ ነው። የታጠፈ ብስክሌት ግን እንደ ሻንጣ ሁልጊዜ ይገባል። ስለዚህ ከቤት እስከ ጣቢያ፣ ከጣቢያም እስከ ሥራ ቦታ ያለውን ርቀት በብስክሌት፣ መካከሉን በባቡር መሄድ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1975 አንድሩ ሪቺ የተባለ፣ በካምብሪጅ ምሕንድስና ያጠና እንግሊዛዊ፣ ቢከርተን የምትባል ከአሉሚኒየም የተሠራች ታጣፊ ብስክሌት ተመልክቶ የተሻለ መሥራት እንደሚችል አመነ። የመጀመሪያዋን ናሙና የሠራው በመኖሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። በመስኮቱ ትይዩ ከነበረው የብሮምፕተን ኦራቶሪ ቤተ ክርስቲያንም ስሟን ወሰደ። የብሮምፕተን አተጣጠፍ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የላቀ ብልሃት ነው። በመጀመሪያ የኋላው ጎማ ወደ ታችና ወደ ፊት ይሽከረከርና ከዋናው ቱቦ ሥር ይገባል። ቀጥሎ ዋናው ቱቦ ከመካከሉ ታጥፎ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጎን ያሳርፈዋል። መሪው ወደ ጎን ይወድቃል፤ ኮርቻው ሲወርድ ደግሞ የተቀረውን ሁሉ ይቆልፋል። ቅባት የነካው ካቴና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚቀር የተሳፋሪ ልብስ አይነካም። ውጤቱ 58.5 በ56.5 በ27 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቅል ነው። ከዚህ በላይ ማሳነስ የሚያዳግተው ጎማው ራሱ ስለማይታጠፍ ነው። ቱቦው የቱንም ያህል በብልሃት ቢታጠፍ፣ የጥቅሉ ቁመትና ወርድ ከጎማው ዲያሜትር ሊያንስ አይችልም። ንድፍ አውጪው ጎማውን ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ለማድረግ የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የተለመደው ጎማ ዲያሜትር 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.1 ሜትር ይጓዛል፤ ትንሹ 1.3 ሜትር ብቻ። ነገር ግን ፔዳልና ጎማ በቀጥታ የተያያዙ አይደሉም። በትልቁ ብስክሌት ላይ የፊተኛው ጥርሳም ክብ 44፣ የኋለኛው 16 ጥርስ ቢኖራቸው አንድ የፔዳል ዙር 5.9 ሜትር ያስኬዳል። በትንሿ ላይ 53 እና 12 ጥርስ ብናደርግ 5.8 ሜትር እናገኛለን። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

እውነተኛው ዋጋ የሚከፈለው መንገዱ ሸካራ ሲሆን ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ በጎማው ፊት ቆሟል እንበል። ጎማው ግትር ነው ብለን በማዕከሉ ላይ በአግድም የሚገፋውን ኃይል ብናሰላ፣ ድንጋዩ ላይ ለመውጣት ትልቁ ጎማ ከተሸከመው ክብደት 45 በመቶ የሚሆን ኃይል ሲፈልግ ትንሹ 60 በመቶ ይፈልጋል። በተጨማሪም ትልቁ ያንን ከፍታ የሚወጣው በ14 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ሲሆን ትንሹ በ11 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ድንጋጤው ይበረታል። አንድ ዝናባማ ምሽት የፊት ጎማዬ በአስፋልት ጉድጓድ ተይዞ በመሪው ላይ ተሻግሬ ስወድቅ ይህን ስሌት በጉልበቴ አረጋግጫለሁ።

መድኃኒቱን አስቀድሞ ያሳየው አሌክስ ሞልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለወጣችው ሚኒ አውቶሞቢል የጎማ ሞላ የነደፈው ይህ መሐንዲስ፣ በ1962 ትንንሽ ጎማ ያላት ብስክሌት ሠርቶ በሁለቱም ጫፍ ሞላ አደረገላት፤ ጎማዎቿም በከፍተኛ ግፊት የሚነፉ ነበሩ። ብሮምፕተንም ከኋላዋ አነስተኛ የጎማ ሞላ አላት።

ሁለተኛው ዋጋ በማጠፊያው ላይ ነው። የፊቱ ጎማ በ300 ኒውተን ኃይል ወደ ላይ ሲገፋና ማጠፊያው ግማሽ ሜትር ከኋላው ሲሆን፣ 150 ኒውተን ሜትር የሚያህል ጥምዘዛ በማጠፊያው ላይ ያርፋል። ይህን የሚሸከሙት የማጠፊያው ሁለት ጫፎች የሚራራቁት 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን በእያንዳንዳቸው ላይ 3750 ኒውተን ይመጣል፤ 380 ኪሎ ግራም እንደ መስቀል ማለት ነው። ኃይሉም በየጉድጓዱ ስለሚለዋወጥ ብረቱ በጊዜ ብዛት ይደክማል። በብሮምፕተን ላይ ሁለቱ የቱቦ ጫፎች ተዳፋት ጠርዝ አላቸው። ማጥበቂያው እነዚህን እንደ ሽብልቅ ስለሚያጣብቃቸው ክፍተት አይኖርም። ክፍተት የጀመረ ማጠፊያ እየታየ መንዳት ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ያለ ፍሬን ከመንዳት አይሻልም።

ስለ ሚዛንም አንድ ነገር ልበል። ብስክሌት የሚቆመው ጎማው በመሽከርከሩ ነው የሚለው አባባል ሰፊ ነው። በእርግጥ በእኩል ፍጥነት የትንሹ ጎማ ማዕዘናዊ ሞመንተም ከትልቁ 40 በመቶ እንኳ አይደርስም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ይህ ውጤት ፈጽሞ በተሰረዘበት ብስክሌትም ራስን ማቆም እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። ትንሿ ብስክሌት መሪዋ ቀልጣፋ፣ ለጀማሪም ቅብጥብጥ ትመስላለች እንጂ አትወድቅም።

እዚህ አገር ስመለስ ብስክሌቴን ይዣት መጥቻለሁ። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ አሁንም ታገለግለኛለች። ወደ ቤቴ የሚያስገባው የኮብልስቶን መንገድ ጋ ስደርስ ግን ከላይ ያሰላነው ሦስት ሴንቲ ሜትር በየእርምጃው ስላለ፣ ወርጄ አጥፌ በእጄ እይዛታለሁ። ከተማችን ካለችበት ከፍታ የተነሣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳልና የአየር ተቃውሞው ቀላል ነው። የምስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ዳገት ላይ ይህ ትርፍ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ስሌት አያስፈልግም።