በሰው ዕዳ የሚደወል ስልክ፦ ነጋዴው ከመክፈሉ በፊት ምን ይጠይቅ?

በአዊ ዞን አዘና ከተማ የሚሠራ አንድ የእህል ነጋዴ እንበል። የገበያ ቀን ጠዋት ነው። ሚዛኑን አስተካክሎ፣ ከገበሬው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛበትን ብር በመሳቢያ ቆልፎ ተቀምጧል። ስልኩ ይጮኻል። ደዋዩ ከአዲስ አበባ ነው፤ ማንነቱን ሲጠየቅ ስሙን ትቶ የድርጅቱን ስም ብቻ ይናገራል። «ጋሼ፣ ወንድምዎ ገንዘባችንን ይዞ ጠፍቷል። እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት። ስምዎ ከመነሳቱ በፊት ግማሹን እንኳ ዛሬ ይላኩልን» ይላል። ነጋዴው ብድሩን አያውቀውም፤ የፈረመበት ወረቀትም የለም። ያም ሆኖ እጁ ወደ መሳቢያው ይሄዳል።

ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የገበያ ገጽ ባላስፈለገው ነበር። ዳሩ ግን ያ ብር የወቅቱ መግዣ ነው። እህል ከአውድማ በሚወጣባቸው ጥቂት ወራት ያልገዛ ነጋዴ ክረምት ሲመጣ የሚሸጠው የለውም፤ በዱቤ የሰጠው ገበሬም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ሚዛን ይዞራል። በአንድ ስልክ የወጣ ብር የአንድ ዓመት ሥራ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ወንድሜን ልርዳ ወይስ አልርዳ» ከመሆኑ በፊት «በሕግ የእኔ ዕዳ ነው ወይ» የሚል መሆን ይገባዋል።

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአጋጣሚ በዚያው ቁጥር በሚጠራው አንቀጽ 1952፣ ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ በልዩ ሁኔታ ካልፈቀደ በስተቀር የወንድም፣ የአማች፣ የጎረቤት ወይም የቀድሞ ሸሪክ ብድር በዝምድና አይተላለፍም። ደዋዩ ይህን አያጣውም። የሚደውለው ባለዕዳው ስልክ ስለማያነሳና ዘመዱ ስለሚያነሳ ነው።

ዘመዱ ለምን ይከፍላል ቢባል ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። በቀድሞው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው። ባለዕዳው ከቁራኛው የሚላቀቀው ሲከፍል ወይም ዋስ ሲጠራ ነበር። ዋስ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ ወንድም፣ አበልጅ ወይም የአገር ሰው ነው። ልማዱ ከሕሊና አልጠፋም፤ ስልኩም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ከሰው ዕዳ ጋር በተያያዘ ስልክ የተደወለለት ነጋዴ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሠራ፣ ውክልናው የት እንዳለና የብድር ውሉ ቅጂ ሊላክለት ይችል እንደሆነ ነው። ባንኮችና የብድር ተቋማት በአብዛኛው የሚያስከፍሉት በራሳቸው የብድር ሠራተኞችና የሕግ ክፍል፣ አንዳንዴም በጠበቃ ነው። እነዚህ ሰዎች ደብዳቤ መጻፍ አይከብዳቸውም። በስልክ ብቻ የሚወተውት፣ ወረቀት ሲጠየቅ የሚቆጣ፣ ብሩንም በግል ሒሳብ እንዲገባለት የሚፈልግ ሰው አበዳሪ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። አጭበርባሪም ሊሆን ይችላል፤ የአራጣ ገንዘብ ሰብሳቢም ሊሆን ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 መሠረት በብድር ውል የሚታሰብ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንደማይበልጥ፣ አራጣም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 እንደሚያስቀጣ ማወቁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አራጣ አበዳሪ ዳኛ ፊት መቆም የማይወደው ለዚህ ነው።

ስህተትም አለ። በአገራችን ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ በአንድ ወረዳ እስከ አያት ድረስ ስማቸው የሚመሳሰል ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ቀድሞ የሌላ ሰው የነበረ የስልክ ቁጥር የያዘ ሰውም የማያውቀውን ሰው ዕዳ ሲጠየቅ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደዋዩ የባለዕዳውን ሙሉ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም የፋይዳ ቁጥር ከራሱ መዝገብ እንዲያመሳክር መጠየቅ ይበቃል። የራስን ቁጥር ለደዋዩ መንገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አያስፈልግም።

ፊርማ ካለስ?

እስካሁን የተባለው ላልፈረመ ሰው ነው። በገበያው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ከዓመታት በፊት ለጓደኛ «አንዲት ፊርማ» የሰጠ ሰው ነው። ይህ ሰው ዋስ ነው፤ ስልኩም በትክክል ለእሱ ተደውሏል። ቢሆንም ዋስ የሆነ ሁሉ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል ማለት አይደለም።

በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይያዝም፤ በግልጽ መነገር አለበት። ከዚህም በላይ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ የዋስትናው ውል ዋጋ የለውም። አንቀጽ 1725 ደግሞ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያስገድዳል፤ አንቀጽ 1727 የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይጨምራል። ስለዚህ በስልክ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ያለ ሰው በዚህ ቃል ብቻ ዋስ አልሆነም። እንደገና እንበልና ነጋዴው እስከ ብር 300,000 ዋስ ሆኖ ፈርሟል፤ ተበዳሪው በኋላ ብድሩን ወደ ብር 500,000 አሳድጎታል። አበዳሪው ዋሱን ብር 500,000 ሊጠይቀው አይችልም። ዕዳው ከተከፈለ ወይም በሌላ ምክንያት ከቀረም ዋሱ ነፃ ይወጣል (አንቀጽ 1926)።

ትልቁ ልዩነት በዋስትናው ዓይነት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የማያነበው መስመርም ይኸው ነው። ተራ ዋስ ሲከሰስ «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ፈልጉ» ሊል ይችላል። ይህን መብት የሚጠቀመው ግን ገና ክሱ ሲጀመር ካነሳውና የባለዕዳው ንብረት የት እንዳለ ካመለከተ ነው (አንቀጽ 1935)። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ላይ የፈረመ ግን በአንቀጽ 1933 መሠረት ባለዕዳው ሳይጠየቅ፣ መያዣውም ሳይሸጥ በቀጥታ ሊከሰስ ይችላል። አበዳሪዎች የሚያዘጋጁት ውል ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በዚህ በሁለተኛው መልክ ነው። አንዲት ፊርማ የተባለችው እንግዲህ ይህች ናት።

ከፍሎ የተገኘ ዋስ ባዶ እጁን አይቀርም። የአበዳሪው መብት ወደ እሱ ይተላለፋል፤ የከፈለበትን ደረሰኝና የብድር ውሉን ይዞ ባለዕዳውን መክሰስ፣ ባለዕዳው ያስያዘው ንብረት ካለም በዚያ ላይ መጠየቅ ይችላል። ከመክፈሉ በፊት ለባለዕዳው ማሳወቅ አለበት፤ ባለዕዳው ቀድሞ ከፍሎ ከሆነ ሁለተኛ ክፍያ የዋሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላልና።

በአማራ ክልል ገጠሮችና አነስተኛ ከተሞች ዋስትና ለብዙ ሰው የታወቀው በቡድን ብድር ነው። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለረጅም ዓመታት መያዣ ለሌለው ሰው ያበደረው ተበዳሪዎች በቡድን ሆነው አንዱ ለአንዱ ዋስ እየሆነ ነበር። አሠራሩ መሬቱን ማስያዝ ለማይችል ገበሬና ለጉልት ነጋዴ በር ከፍቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። በዚያው መጠን አንዱ ሲጠፋ የቀሩት የእሱን ድርሻ ይጠየቃሉ፤ ጎረቤት የጎረቤት ዕዳ አስከፋይ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው «የሰው ዕዳ ነው» ማለት አይችልም፤ የፈረመው ለዚያው ነውና።

ቤትና ቼክ

ከዋስትና ይልቅ የከፋው በሰው ብድር የራስን ቤት ማስያዝ ነው። ቤቱን ለወንድሙ ብድር ያስያዘ ሰው ራሱ ተበዳሪ ባይሆንም ቤቱ ግን መያዣ ነው። ለባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት የመሸጥ ሥልጣን የሰጠው አዋጅ ቁጥር 97/1990 የሚጠይቀው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ከባንክ የመጣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «የእሱ ጉዳይ ነው» ተብሎ በመሳቢያ የሚቀመጥ አይደለም። በ30 ቀን ውስጥ ተበዳሪውን ማግኘት፣ የብድሩን ማራዘሚያ መነጋገር ወይም ገዢ መፈለግ ይቻላል። ሐራጁ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭቅጭቅ ነው።

ቼክም እንዲሁ ነው። «ለዋስትና ብቻ ነው፣ አይመነዘርም» ተብሎ ለሌላ ሰው ዕዳ የተሰጠ ቼክ በገበያው የተለመደ ነው። ቼክ ግን ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው። በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የጻፈ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ይጠየቃል፤ «ዕዳው የእኔ አልነበረም» ማለት ከምርመራ አያድንም። የሌላውን ቼክ በጀርባው ፈርሞ ያስተላለፈም እንደዚሁ ለክፍያው ኃላፊነት ይኖርበታል። ወረቀት ከመያዝ ይልቅ ቼክ መያዝ የሚወዱ አበዳሪዎች የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ስለ ትዳር ጓደኛ ዕዳ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ለትዳር ጥቅም የተወሰደን ዕዳና የግል ዕዳን ይለያል። ለቤት ቀለብ፣ ለልጆች ትምህርት ወይም ለጋራ ኑሮ የወጣ ዕዳ ሁለቱንም ያስጠይቃል። የሟች ዕዳ ደግሞ ከውርሱ ይከፈላል፤ ወራሹ ከደረሰው በላይ ከራሱ ኪስ አይጠየቅም። ለቅሶ ላይ መጥቶ «አባታችሁ የወሰደው አለ» የሚል ሰው ሰነዱን ለውርስ አጣሪው ያቅርብ።

የከፈለ ይመለስለታል?

እዚህ ላይ ነው በስልክ ተጨንቆ የከፈለ ሰው የሚጎዳው። ግዴታ ሳይኖርበት በስህተት የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፤ ግዴታ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ግን አይችልም (አንቀጽ 2164 እና 2165)። የአዘናው ነጋዴ ዕዳው የወንድሙ መሆኑን እያወቀ ነው የላከው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወንድሙን መጠየቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ስንቱን ቤተሰብ እንዳፈረሰ የአገር ሽማግሌ ያውቃል።

የሽምግልናው ወረቀትም ጥንቃቄ ይሻል። ሽማግሎች አበዳሪና ባለዕዳ ሲያስታርቁ ዘመድ በምስክርነት ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ስምምነት ሲዞር ዘመዱ ይፈርማል። የፈረመው በምስክርነት መሆኑ በጽሑፍ መጠቀስ አለበት። ከፊርማው በላይ «ከፋይ» ወይም «ዋስ» የሚል ቃል ካለ፣ ሰውየው በእርቅ ስም አዲስ ውል ገብቷል። ረድኤት መስጠት የፈለገ ሰው ብሩን ለወንድሙ በእጁ ቢሰጥ ይሻላል፤ በአበዳሪው ወረቀት ላይ ስሙ አይገባም።

ውትወታው ሲበዛ

በቀን አሥር ጊዜ መደወል፣ ለደንበኞችና ለአካባቢው ሰው ማውራት፣ ማስፈራራት የማስከፈያ መንገድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ያስቀጣል። በኮምፒዩተርና በስልክ መልእክት የሚደረገውን ተደጋጋሚ ማስጨነቅ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመለከተዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ያለ አግባብ መጠቀምን ይከለክላል። መልእክቶቹን አለማጥፋት፣ የተደወለበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መያዝ ለፖሊስም ሆነ ለአበዳሪው የበላይ ኃላፊ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።

ሌሎች አገሮች ነገሩን ቀድመው አይተውታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ መሠረት ዕዳ አስከፋይ ድርጅት ለሦስተኛ ሰው የሚደውለው ባለዕዳው የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ ስለ ዕዳው መናገር አይፈቀድለትም። እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ አብሮ አደጉ ዕዳ ቢደወልለት ይህን መብት ሊጠቅስ ይችላል። በኬንያ በስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች ከተበዳሪው ስልክ ላይ የዘመድና የጓደኛ ቁጥር እየለቀሙ ይደውሉ ስለነበር ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ ይህን ከልክሏል። በእኛም አገር የስልክ ብድር ተጀምሯል፤ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር አገልግሎቱን የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ብድር የሚሰጥ ማንኛውም የስልክ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ያሉትን ስሞች ልይ ብሎ ሲጠይቅ «እሺ» ከማለት በፊት የተበዳሪው ዘመዶች ቢታሰቡ መልካም ነው።

ስልክን አለማንሳት ይቻላል። የፍርድ ቤት መጥሪያን ግን አይቻልም። ያልፈረመ ሰው እንኳ ተከሶ መጥሪያ ከደረሰውና ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ሊፈረድበት ይችላል፤ ያኔ የሰው ዕዳ በፍርድ የራሱ ሆነ ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 78 በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት እንደሚችል ይፈቅዳል፤ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም ያልቀረበው በበቂ ምክንያት መሆኑን ግን ማስረዳት አለበት። መጥሪያው ደርሶት በገበያ ቀን ምክንያት የቀረ ነጋዴ ይህን ለማስረዳት ይቸግረዋል።