ለሴቶች አነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጠው መቋቋሚያ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

በአነስተኛ ንግድ ለሚተዳደሩ ችግረኞች፥ ይልቁንም ለሴቶች፥ የሚቀርበው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብድር ነው፤ ከነወለዱ ይመለሳል፥ ብዙ ጊዜም መያዣ ወይም ዋስ ይጠየቅበታል። ሁለተኛው የማይመለስ መቋቋሚያ ነው። በስሟ ቤት የሌላት፥ ዋስ የሚሆናት ደመወዝተኛ ያላገኘች እንጀራ ሻጭ ከብድሩ በር ስትመለስ፥ ተስፋዋ ይኸው ሁለተኛው ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መቋቋሚያው ከተሰጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ማስረዳት ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ/ም ሱሬሽ ዴ ሜል፥ ዴቪድ ማኬንዚና ክሪስቶፈር ውድረፍ በስሪላንካ ምርመራ ጀምረው፥ ለአነስተኛ ነጋዴዎች 10,000 ወይም 20,000 ሩፒ፥ ለከፊሎቹ በገንዘብ፥ ለከፊሎቹ በዕቃ፥ በዕጣ ሰጡ። በዕጣ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያገኙትና ያላገኙት በሌላው ነገር ስለሚመሳሰሉ፥ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከመቋቋሚያው የመጣ ነው ለማለት ያስችላል። የወንዶቹ ትርፍ ከፍ አለ፤ የሴቶቹ ግን በአማካይ ሲታይ እንደ ነበረ ቀረ።

ከዚህ ተነሥቶ «ለሴት የተሰጠ መቋቋሚያ ከንቱ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ችሎታን፥ ኪሣራን መፍራትንና የንግድ ዝንባሌን ቢመረምሩ፥ የልዩነቱን ምክንያት ከነዚህ አላገኙትም።

ቀጥሎም በጋና ሌላ ምርመራ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ ነጋዴዎች 150 ሲዲ በእጃቸው ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ግን በዚያው ዋጋ ራሳቸው የመረጡት ዕቃ ተገዛላቸው። በእጅ የተሰጠው ገንዘብ የሴቶቹን ትርፍ አላሳደገም። በዕቃ የተሰጠው ግን አሳደገ፤ ይህም ቀድሞውንም ንግዳቸው ሻል ባለላቸው ዘንድ ነው። እጅግ አነስተኛ ንግድ ያላቸው ሴቶች በሁለቱም መንገድ አልተጠቀሙም።

ምክንያቱን ይበልጥ ግልጽ ያደረገው በ2019 የታተመው የአሪኤል በርንሃርት፥ የኤሪካ ፊልድ፥ የሮሂኒ ፓንዴና የናታሊያ ሪጎል ጥናት ነው። እነርሱ የሕንድን፥ የስሪላንካንና የጋናን መረጃ ይዘው፥ የሴቲቱን ንግድ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡን ገቢ በሙሉ መዘኑ። ያን ጊዜ በወንድና በሴት መካከል ታይቶ የነበረው ልዩነት ጠፋ። ለሚስት የተሰጠው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ወደ ባል ንግድ ገብቶ ኖሯል። ስለዚህ ገንዘቡ ፍሬ አፍርቷል፤ ፍሬው የታየው ግን በሌላ ሰው መዝገብ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአገራችንም የቀረበ ነው። በ2016 (እ.አ.አ.) በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በማኅበራዊ ሥራ የተሳተፉ ችግረኞች ከምንዳቸው 20 ከመቶ እንዲቈጥቡ አድርጎ፥ ለየቤተ ሰቡ 500 የአሜሪካ ዶላር የሚያህል መቋቋሚያ እንዲሰጥ የታቀደ ነበር። በሕግ በኩልም የ1992 ዓ/ም የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት አብረው እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ሆኖም ማታ ከገበያ የገባው ገንዘብ ለዱቄት መግዣ ይዋል ወይስ ለባል ሥራ የሚለውን የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን የቤቱ ልማድ ነው። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ገንዘባቸውን በእቁብ ያሥሩታል፤ የእቁብ ዕዳ ያለባት ሴት፥ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግባት የምትመልሰው በቂ ምክንያት አላት።

እንግዲህ መቋቋሚያ የሚሰጥ ድርጅት ሦስት ነገሮችን ቢያስተውል ይበጃል። አንደኛ፥ በቤቱ ውስጥ ሌላ ንግድ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ ተቀባይቱ ከፈለገች የመረጠችውን ዕቃ ይግዛላት። ሦስተኛ፥ ውጤቱን ሲመዝን የሴቲቱን ትርፍና የቤተ ሰቡን ገቢ ለየብቻ ይመዝግብ። ቤተ ሰቡ መጠቀሙ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን መቋቋሚያው የተሰጠው ሴቲቱ በራሷ ሥራ እንድትቆም ከሆነ፥ የቤቱ መጥገብ ብቻውን ዓላማው ተፈጸመ አያሰኝም።