በሉህ የተጀመረ ሥዕል

በገጠርም ሆነ በከተማ ቁርኣን የቀራ ሰው ሁሉ ሉህን ያውቃታል። ቀለሟ፣ የሸምበቆ ብዕሯና ታጥባ እንደገና የምትጻፍበት ሥርዓት ከልጅነት ትዝታ አይጠፉም። በዚህ ወር የምናስተዋውቃችሁ ሱዳናዊ ሠዓሊ ኢብራሂም አል-ሰላሂ የጥበብ መንገዳቸውን የጀመሩት ከዚህችው እንጨት ነው።

አል-ሰላሂ እ.ኤ.አ. በ1930 በኦምዱርማን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሃይማኖት ዐዋቂ ነበሩ፤ በቤታቸውም ሱዳኖች ኸልዋ በሚሉት የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጆችን ያስቀሩ ነበር። ልጃቸውም መጻፍን የለመዱት እዚያው ነው። በኸልዋ ደንብ አንድ ተማሪ የተወሰነ ክፍል ሲጨርስ ሉሁን በቀለምና በጌጥ ያሳምራል። ለወደፊቱ ሠዓሊ ይህ የመጀመሪያው የሥዕል ትምህርት ሆነላቸው።

ካደጉ በኋላ በካርቱም ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተማሩ፤ ከ1954 እስከ 1957 ደግሞ በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአውሮፓን አሣሣል አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው እያስተማሩ፣ የሥዕል ትርዒት በካርቱም ከፈቱ። በመክፈቻው ዕለት ለመስተንግዶው ሰው መጣ። በማግስቱ ግን አዳራሹ ባዶ ሆነ።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ሕዝቡ ጥበብ አይገባውም» ብለው ይፈርዳሉ። አል-ሰላሂ ጥያቄውን ወደ ራሳቸው መለሱት፤ «ወገኖቼ በቤታቸው የሚያምር ነገር የሚሉት ምንድን ነው?» ብለው በአገራቸው ተዘዋወሩ። የመስገጃ ምንጣፉን፣ የኮርቻውን ጌጥና የዕቃውን ቅርጽ ተመለከቱ። በየቤቱ ግድግዳ ላይም የዐረብኛ የቁም ጽሕፈት አገኙ። በልጅነታቸው በሉህ ላይ ያወቁት ነገር እዚያው ሲጠብቃቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በሥዕሎቻቸው ጥግ ላይ ትንንሽ ጽሑፍ ማስገባት ጀመሩ፤ ተመልካቹም ቀረብ አለ። ቀስ በቀስ ፊደላቱን አሰፉ፤ ኋላም ሰባብረው ውስጣቸውን መረመሩ። ከእያንዳንዱ ፊደል የሰው፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ቅርጽ ይወጣላቸው ጀመር። ቀለማቸውም አፈር አፈር የሚል፣ ጥቁርና ነጭ የሚበዛበት ሆነ። ከአሕመድ ሺብሬንና ከዑስማን ወቂዓላ ጋር «የካርቱም ትምህርት ቤት» የተባለው የአሣሣል ስልት መሪ ሆነው የታወቁት በዚህ ነው። (ሕያው ፍጡርን ስለ መሣል ዑለማዎች ብዙ የተወያዩበት ጉዳይ አለ፤ እኛ እዚህ የምንመለከተው የሰውየውን ጉዞ ነው።)

በ1975 በሱዳን የባህልና ማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ሲሠሩ፣ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጠርጥረው ያለ ፍርድ ታሰሩ። በኮበር ወህኒ ቤት ስድስት ወር ከስምንት ቀን ቆዩ። ወረቀትና እርሳስ መያዝ ያስቀጣ ስለነበር በብጣሽ ወረቀት ላይ በድብቅ ይሥሉና አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ከዚህም አንድ የአሠራር ዘዴ ተወለደ፤ ከአንዲት ትንሽ ቁራጭ ተነስቶ፣ ሌላ እየቀጠሉ ትልቅ ሥዕል ማሳደግ። በ1984 እና በ1985 የሠሩት ባለ ዘጠኝ ክፍሉ «የማይቀረው» የተባለው ሥዕል በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው።

ሌላው መነሻቸው ዛፍ ነው። በዓባይ ዳርቻ የሚበቅለው ሐራዝ የተባለው የግራር ዓይነት በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ አገር ሁሉ ሲደርቅ ደግሞ ይለመልማል። ይህ ዛፍ በእኛም አገር አለ፤ ገበሬዎቻችን በማሳቸው መካከል ጠብቀው ያቆዩታል። ከስደትና ከእስር በኋላ ለሣለው ሰው ዛፉ የጽናት ምልክት ሆነ።

አል-ሰላሂ በቀጠር ከኖሩ በኋላ በ1998 መኖሪያቸውን በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ አደረጉ። በ2013 ታዋቂው የለንደን ቴት ሞደርን ሙዚየም የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሰብስቦ አሳየ። እርጅናና የጀርባ ሕመም ሲጸናባቸውም ብዕራቸውን አልጣሉም፤ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን እየገለበጡ በጀርባው ላይ ሣሉ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ቁርኣን ቀርቶ ሲመለስ ጣቶቹ በቀለም ተለውሰው ብታዩ አትቆጡት። በለንደን የተማሩት ሠዓሊ፣ መንገዱ ሲጠፋባቸው የመለሳቸው ከአባታቸው ቤት የቀሰሙት ነው። እናንተም ወጣቶች፣ ሩቅ አገር ሄዳችሁ ዕውቀት ፈልጉ፤ ይሁን እንጂ ቤታችሁ ያስጨበጣችሁን አትጣሉ።