«እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም»፦ ጆሯችን፣ ሒሳብ እና ቤትሆቨን

 

ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ እሰማለሁ፤ ግን የሚሉት አይገባኝም።» ብዙ ጊዜ ታካሚውን ጎትተው የሚያመጡት ቤተሰቦቹ ናቸው። እነሱ «ቲቪ ያስጮኻል፣ ስንጠራው አይሰማም» ይላሉ። እሱ ደግሞ «እናንተ ናችሁ አፋችሁ ውስጥ የምታወሩት» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ዛሬ መንገዳችን ትንሽ ይዞራል፦ በአንድ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው፣ በአንድ የሃንጋሪ የስልክ ባለሙያና በቤትሆቨን በኩል እናልፋለን። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የሒሳቡ ሰው ጆሴፍ ፎሪየር ይባላል። ሲያጠና የነበረው ድምፅን ሳይሆን ሙቀት በአካል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ነበር። በ1807 ፓሪስ ውስጥ ያቀረበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የቱንም ያህል የተወሳሰበ ሞገድ የቀላል ሞገዶች ድምር አድርገን ልንፈታው እንችላለን። ላግራንዥን የመሰለ ታላቅ ሊቅ አልዋጥ ብሎት ነበር፤ መጽሐፉም የታተመው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1822 ነው። ዛሬ ኤምአርአይ ማሽን ያለዚህ ሒሳብ ምስል አያወጣም፤ ስልካችሁ ላይ ያለው የኤምፒስሪ ዘፈንም እንዲህ ያነሰው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሒሳብ ለማትወዱ በወጥ ቤት ቋንቋ ላስረዳ። የተዘጋጀ በርበሬ ቀምሳ «ኮረሪማው በዝቷል፣ ነጭ ሽንኩርቱ አንሷል» የምትል እናት ታውቃላችሁ አይደል? የተቀላቀለውን መልሳ በምላሷ ትለያየዋለች። ፎሪየር በወረቀት ያደረገው ይህንኑ ነው። ጆሯችን ደግሞ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ሲያደርገው ኖሯል።

ጆሮ ድምፅን የሚለያይ መሣሪያ መሆኑን በሰፊው ያስረዳው ሐኪም ነው፤ ኸርማን ሄልምሆልትዝ። የዓይንን ውስጥ የምናይበትን መሣሪያ በ1851 የሠራው እሱ ራሱ ነው። በ1863 ስለ ሙዚቃና ስለ ጆሮ በጻፈው መጽሐፍ፣ በውስጠኛው ጆሯችን እንደ ፒያኖ ክሮች ለየድምፁ የተመደበ ቦታ አለ አለ። ሐሳቡ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር፤ ግን በዓይኑ አላየውም።

ያየው የስልክ ሰው ነው። ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ ቡዳፔስት ውስጥ በሃንጋሪ ፖስታ መሥሪያ ቤት የስልክ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ስልክን ለማሻሻል መጀመሪያ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ ፈለገ። ከአስከሬን የተወሰደ የውስጥ ጆሮ ከፍቶ፣ ጥቃቅን የብር ብናኝ ነስንሶ፣ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት በማይክሮስኮፕ ሲያየው ድምፅ በስሱ ሽፋን ላይ እንደ ማዕበል ሲጓዝ ተመለከተ። ቀጭን ድምፅ ገና መግቢያው አካባቢ ከፍ ብሎ ይከስማል፤ ወፍራሙ እስከ ጫፉ ይዘልቃል። ለዚህ ሥራው በ1961 የሕክምና ኖቤል ተሸለመ።

ይህ ክፍል ኮክሊያ ይባላል። እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል የተጠቀለለ ነው፤ ቢዘረጋ ወደ 35 ሚሊሜትር ይሆናል። በውስጡ ተሰልፈው የቆሙት ፀጉር መሰል ሴሎች በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ ናቸው። በሉ አነጻጽሩ፦ አንድ ዓይን ብርሃን የሚቀበሉ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴሎች አሉት። ጆሮ ግን ዕድሜ ልኩን በነዚህ በጣት በሚቆጠሩት ነው የሚኖረው። ከእነሱም ወሬውን ወደ አንጎል የሚያደርሱት በዋናነት 3,500 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሥራቸው ማጉላት ነው። ደግሞ የሞተው አይተካም። ዶሮ እንኳን የጆሮዋን ሴል መልሳ ታበቅላለች፤ እኛ አንችልም።

ጫጫታም ይሁን እርጅና ወይም እንደ ጀንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ቀድመው የሚመቱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበለውን የመግቢያውን አካባቢ ነው። አሁን ወደ ታካሚያችን እንመለስ። የንግግር ጉልበቱ ያለው በአናባቢዎቹ ውስጥ ነው፤ እነሱ ወፍራም ናቸው። ቃልን ከቃል የሚለዩልን ግን እንደ ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ጨ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። እስቲ «ልጁ ፈራ» እና «ልጁ ሠራ» በሉ። ልዩነቱ የአንዲት ስስ ድምፅ ነው። እሷ ከጠፋች ሰውዬው ድምፃችሁን በደንብ ይሰማል፤ ልጁ ይፍራ ይሥራ ግን አያውቅም። ብትጮኹበትም የምትጨምሩለት «አ»ን ነው እንጂ «ሰ»ን አይደለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ አትጩኹበት፤ ፊት ለፊቱ ሆናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አውሩት።

ቤትሆቨን ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ1801፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ለሐኪም ወዳጁ ለቬገለር በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ሌት ተቀን እንደሚጮህበት፣ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ የመሣሪያና የዘፋኝ ቀጭን ድምፅ እንደማይደርሰው፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲያወራ ድምፁን እንጂ ቃሉን እንደማይለይ፣ ሲጮኹበት ደግሞ መታገስ እንደማይችል ይነግረዋል። እኔ እንደ ሐኪም ሳነበው ዛሬ ተራ ጠብቆ የገባ ታካሚ ነው የሚመስለኝ።

በ2011 ተመራማሪዎች ደስ የሚል ነገር ሠሩ። ቤትሆቨን ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች በጻፋቸው ድርሰቶች ውስጥ አንደኛው ቫዮሊን ከ1,568 ኸርዝ በላይ ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ቆጠሩ፤ ሥራው ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። የመስማት ችግሩ እየባሰ ሲሄድ ቀጫጭኖቹ ኖታዎች እየቀነሱ ሄዱ። ሙሉ በሙሉ መስማት ካቆመ በኋላ በጻፋቸው የመጨረሻዎቹ ሥራዎች ግን እንደገና ጨመሩ። የእነሱ ማብራሪያ፣ ጆሮው በከፊል ሲሰማ የሚሰማውን ይጽፍ ነበር፤ ጨርሶ ሲዘጋ ግን በአንጎሉ ወደሚሰማው ሙዚቃ ተመለሰ የሚል ነው። የአጻጻፍ ስልትም በራሱ ይለወጣልና እኔ ይህን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጥሩ ፍንጭ ነው የምይዘው። በአንጎል ምስል ግን እንደሚታየው፣ ዝም ብለን ዘፈን ስናስብ ድምፅ የሚቀበለው የአንጎላችን ክፍል ይነቃል። የመስማት ችግሩ መንስኤ እስካሁን አልታወቀም። በ2023 ከፀጉሩ ዲኤንኤ ሲመረመር ለጉበት በሽታ የተጋለጠ እንደነበረና ሄፓታይተስ ቢ እንደነበረበት ተገኘ፤ የጆሮውን መልስ ግን አልሰጠም።

«ዘመኑ ሠልጥኗል፣ መሣሪያ ይገጠምልኛል» ለምትሉ፦ አዎ፣ ኮክሊየር ኢምፕላንት አለ፣ ድንቅ ነገር ነው። የተያዘውን ድምፅ በቅጥነቱ ይከፋፍልና እያንዳንዱን ወደየቦታው ይልካል፤ ያው የፎሪየር ሥራ። ብዙዎች በስልክ እስከማውራት ይደርሳሉ። ግን የሚልክባቸው ኤሌክትሮዶች ከ12 እስከ 22 ናቸው፤ የ3,500ዎቹን ሴሎች ሥራ ነው የሚሸፍኑት። ለንግግር ይበቃል፤ ዜማ መለየት ግን ለብዙዎቹ ይከብዳቸዋል።

አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ወዳለው ኢርፎን። እዚህ ጋ ሒሳቡ ሰውን ይሸውዳል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደለም። ከ80 ወደ 90 ስትጨምሩ ጥቂት የጨመራችሁ ይመስላችኋል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጉልበት ግን አሥር እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ በቀን 34 ደቂቃ ገደማ፣ አንድ የታክሲ መንገድ ማለት ነው። 100 ላይ ደግሞ በሳምንት 20 ደቂቃ። ብዙ ስልኮች በሙሉ ድምፃቸው እዚያ ይደርሳሉ።

ታክሲ ውስጥ ሞተሩና ጥሩምባው ስላለ ሳይታወቃችሁ ታስጮኹታላችሁ። ስለዚህ ጫጫታን የሚቀንስ ወይም ጆሮን በደንብ የሚደፍን ኢርፎን ቅንጦት አይመስለኝም፤ ዝቅ አድርጋችሁ እንድትሰሙ ያስችላችኋል። ድምፁን ከ60 በመቶ አታሳልፉ። ስልካችሁ «ድምፁ በዝቷል» ሲላችሁ እሺን ነክታችሁ አትለፉት።

«ኮንሰርት ወጥቼ ጆሮዬ ጮኸ፣ በማግስቱ ተወኝ» የሚል ሰውም ብዙ ነው። በ2009 ኩጃዋ እና ሊበርማን በአይጦች ላይ ያሳዩት ነገር እኔን አሳስቦኛል፦ ከጫጫታ በኋላ የመስማት ምርመራው ወደ ነበረበት ቢመለስም፣ ሴሉን ከነርቩ ጋር የሚያገናኙት ብዙዎቹ መገጣጠሚያዎች ጠፍተው ቀርተዋል። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሆን ገና እየተጠና ነው። ጆሮው ስለተወን ብቻ ግን ጉዳት አልደረሰም ማለት አንችልም።

ጫጫታ ያለበት ቦታ ሰው ሲያወራ ካልገባችሁ፣ «ምን አልክ?» ከበዛ፣ ወይም ጆሯችሁ መጮኹን ካላቆመ የመስማት ምርመራ አድርጉ። ኦዲዮሜትሪ ይባላል፤ አያምም፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በጫጫታ የተጎዳ ጆሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ ግራፉ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ዝቅ ብሎ እናየዋለን።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ጠዋት ስትነሱ አንድ ጆሯችሁ ድንገት ከተዘጋባችሁ «ኩክ ነው» ብላችሁ ዘይት አታፍሱበት፣ ጠብታ ገዝታችሁም አንድ ሳምንት አትጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ካልሆነም በማግስቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከነርቭ ወገን ከሆነ የምንሰጠው ስቴሮይድ ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው።