ጌሚንግ ላፕቶፕ 90 ዲግሪ ሲገባ፦ ተረቱና እውነታው

ጌም እየተጫወተ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም የከፈተ ሰው መደንገጡ አይቀርም። 88፣ 91፣ 94። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ «ላፕቶፔ እየፈላ ነው» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ከዚህ ስጋት ተነስቶ የሚደረገው ነው። ደህና የነበረ ማሽን በሙቀቱ ሳይሆን በመድኃኒቱ ይበላሻል።

«90 ከደረሰማ እየተቃጠለ ነው»

አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ሲወጣ የሙቀት ጣሪያ ተቀምጦለታል። የኢንቴል ኮር አይ7-12700ኤች ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የኤኤምዲ ራይዘን 7 6800ኤች ደግሞ 95። ብዙዎቹ የኤንቪዲያ ላፕቶፕ ጂፒዩዎች 87 አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን መግታት ይጀምራሉ። ቺፑ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ሙቀቱ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ፍጥነቱንና የሚወስደውን ኃይል ወዲያው ይቀንሳሉ። ይህም ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ከባድ ጌም ላይ ሲፒዩው በ80 እና በ95 መካከል ቢውል የተለመደ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ለውጡን ይከታተሉ። ያው ጌም፣ በያው ሴቲንግ፣ አምና 82 ላይ ይሠራ የነበረ ዘንድሮ 97 ከገባ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ብሮውዘር ብቻ ተከፍቶ 90 ከደረሰ፣ ወይም ጨዋታው መሀል ድርግም ብሎ ከጠፋም እንደዚያው። ጨዋታው ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ስታክ ማድረግ ከጀመረም ብዙ ጊዜ ማሽኑ ራሱን ከሙቀት እያዳነ ነው።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ እዚህ ችግር የለም»

ግማሹ ልክ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር የተሻለ ያቀዘቅዛል። ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከጠረፍ ከተሞች አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያንሳል፣ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም እንደዚያው። ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር፣ የክፍል ሙቀት ደግሞ እስከ 35 ዲግሪ መሆኑን በላፕቶፑ መረጃ ላይ ይጽፋሉ። እንጦጦ ጫፍ ከዚያ ይበልጣል፤ ዱባይ በበጋ ያለ ኤሲ የዋለ ክፍልም ከ35 ያልፋል።

«አቧራውን ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስነፋት»

ይህን ምክር ስሰማ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ግማሹ ትክክል ነው። አቧራ በእርግጥ ዋናው ጠላት ነው። ከታች ያለውን ክዳን ከፍተው ፋኑን ቢያነሱት፣ ከጀርባው ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ክንፎች ፊት ላይ ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፎ ያገኙታል፤ ፀጉር፣ የብርድ ልብስ ጭረትና ጠጠር ያለ አቧራ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፣ በጣት ሲይዙት እንደ ጨርቅ ተልጦ ይነሳል። ፋኑ እየጮኸ አየር የማይወጣው ለዚህ ነው። ይህ ምንጣፍ ከውጭ በኩል ሲነፋ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገፋል እንጂ አይወጣም።

የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ደግሞ ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይት ይተፋል፤ ኃይሉም ፋኑን ካቅሙ በላይ አሽከርክሮ ማዞሪያውን ይጎዳዋል። ትክክለኛው መንገድ ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከፍቶ፣ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ አላቅቆ፣ ፋኑ እንዳይዞር በእንጨት ይዞ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ከፍተው የማያውቁ ከሆነ ለሚያምኑት ባለሙያ ይስጡትና ሲሠራ አጠገቡ ይቁሙ።

ቴርማል ፔስቱም ሲደርቅ ይቀየራል፤ በዛ ማለት ግን ቀዘቀዘ ማለት አይደለም፣ ሥራው በቺፑና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። በፔስቱ ፋንታ የሚቀባ የጥርስ ሳሙና ውሃው ተንኖ እስኪደርቅ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ፈሳሽ ብረት የሚባለው ጋሊየም ያለበት ዓይነት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ አሉሚኒየምም ይበላል። ልምድ የሌለው ሰው አይንካው።

«ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ማስቀመጥ»

በፍጹም። የቀዘቀዘ ማሽን ወደ ሞቃት ክፍል ሲወጣ ከአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቦርዱ ላይ ውሃ ይሆናል። ጅዳና ዱባይ ላሉ አንባቢዎችም ይህ ይሠራል፦ ላፕቶፑን በኤሲ ከቀዘቀዘ መኪና አውጥተው ወዲያው አያብሩት፣ የውጩን አየር ይላመድ።

«ኩሊንግ ፓድ ከተገዛ አለቀ»

ፓዱ ከሚረዳው ብዙው ማሽኑን ከጠረጴዛው ከፍ ማድረጉ ነው። ይህን ከኋላ እግሮቹ ሥር የገቡ ሁለት የጠርሙስ ክዳኖችም ያደርጉታል። አልጋና ብርድ ልብስ ግን የአየር ማስገቢያውን ይደፍናሉ፣ ምንም ፓድ አያድናቸውም።

ከመግዛት በፊት ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ይሻላል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ጌሙ 140 ፍሬም ማምረቱ ለዓይን ብዙ አይጨምርም፣ ሙቀት ግን ይጨምራል። ፍሬሙን 60 ላይ ይገድቡት። ዊንዶውስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን አሠራር፣ ያጠፋዋል። ይህ ሴቲንግ በአንዳንድ ላፕቶፖች ተደብቋል። ጂፒዩው ላይ የሚከብዱ ጌሞች ላይ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ሲፒዩ የሚበሉት ላይ ግን ፍሬም ይቀንሳል፤ ሞክሮ መምረጥ ነው። ቱርቦ ይህን ያህል የሚያሞቀው ለፍጥነቱ ሲባል ቮልቴጁም ስለሚጨምር ነው። የቺፑ ፍጆታ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል፣ በያው ፍጥነት ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢቀንስ ፍጆታው 19 በመቶ ያህል ይወርዳል።

ቺፑ ራሱን ይጠብቃል፤ ባትሪው ግን ያን ያህል አይችልም። የሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፣ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ለሰዓታት ጌም መጫወት ደግሞ ሁለቱንም ያመጣል። የላፕቶፑ ፕሮግራም ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የማቆም ምርጫ ካለው ያብሩት፤ መብራት የሚቆራረጥበት ሰሞን ሲሆን ብቻ ወደ 100 ይመልሱት። ታችፓዱ ከፍ ብሎ ካገኙት ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ሊሆን ይችላል። አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅ አያድርጉት፤ አጥፍተው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።