በ300 ዶላር ካታና ይገኛል?

ይገኛል። ግን ስለቱን ከማድነቃችሁ በፊት ስለ እጀታው ጠይቁ። የደንቡ ካታና (የጃፓን ጎራዴ) የብረቱ ጭራ እጀታው ውስጥ ዘልቆ ገብቶ ሜኩጊ በምትባል የቀርከሃ ችካል ይያዛል። ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን ቀጭን የብሎን ዘንግ ተበይዶላቸው ነው፤ ሲሰነዘር ስለቱ ተነቅሎ ሊበር ይችላል። በነጻ ቢሰጧችሁም እንዳትሰነዝሩበት!

ስለቱ ስቴንለስ ስቲል ከሆነም ለጌጥ ይሁን፤ በዚያ ርዝመት ሲመታ በቀላሉ ይሰበራል። ለጀማሪ 1060 የሚባለው ካርቦን ስቲል (0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው) ይበቃል፤ የጀማሪን ስህተት ይችላል። ስለቱ ላይ እንደ ማዕበል የሚታየው መስመር፣ ሃሞን፣ በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የአሲድ ሥዕል ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

ካርቦን ስቲል ይዝጋልና በእጅ ከተነካ በኋላ ጠርጋችሁ ስስ ዘይት ቀቡት። ችካሏን ደግሞ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ፈትሹ።