ከእሽቅድምድም የተገለለ ድንጉላ ለባዝራችን ይበጃልን?

ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ከጀሞ እስከ ፉሪ ባለው የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ፈረስ የሚያኖሩ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ በጋሪና በጭነት የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ለግልቢያ፣ ለስፖርትና ለጉግስ የሚያረቡ ናቸው። ከሁለቱም ወገን የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ከሩጫ የተገለለ የውጭ ዘር ድንጉላ ቢገኝ ባዝራን ማስጠቃት ይበጃል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ባዝራውን ያስጠቃ ሰው ዐሥራ አንድ ወር ይጠብቃል፤ ውርንጭላው ለኮርቻ እስኪደርስም ሌላ ሦስትና አራት ዓመት ይቀልባል። የተሳሳተ ምርጫ የሚታወቀው ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየቱን መርጠናል።

ፈረስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ እያለ በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ የፈረስን ክብር ከማንም አይማርም። በጃንሜዳም የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድ እንደነበር የከተማው ነዋሪ ያውቃል። በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሉ ይገመታል። ከእነዚህም መካከል የሰላሌ ፈረስ በግልቢያ የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር የውጭውን ድንጉላ ከአገሩ ባዝራ ጋር ማገናኘቱ ነው።

ዘሩ ምን ዓይነት ነው?

ለእሽቅድምድም ተብሎ የተፈጠረው ዘር ቶሮብሬድ ይባላል። መነሻው እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከምሥራቅ የመጡ ሦስት ድንጉላዎች፣ ማለትም ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያንና ጎዶልፊን አረቢያን፣ ከዚያው አገር ባዝራዎች ጋር ተዳቅለው የተገኘ ነው። የዘር መዝገቡ በ1791 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ከዚያ ወዲህ ወላጆቹ በመዝገብ ያልገቡ ፈረስ ቶሮብሬድ ተብሎ አይጻፍም። ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴም በዚህ ዘር አይፈቀድም፤ ውርንጭላው እንዲመዘገብ ድንጉላውና ባዝራዋ በአካል መገናኘት አለባቸው። ይህ ደንብ ለበሽታ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም ስላለው ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ብዙ ሰው ፈጣን የነበረ ፈረስ ፈጣን ይወልዳል ብሎ ያምናል። እምነቱ ከፊል እውነት አለው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈውና በቤልሞንት በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ የገባው ሴክሬታሪያት፣ ለእርባታ በተቀመጠ ጊዜ ጥሩ ፈረሶችን ቢያፈራም ራሱን የሚያህል ልጅ አላገኘም። ታላቅነቱ የታየው በሴት ልጆቹ በኩል ነው፤ ስቶርም ካትና ኤ. ፒ. ኢንዲ የተባሉት ስመ ጥር አባት ፈረሶች የሴት ልጆቹ ልጆች ናቸው። በአንጻሩ ኖርዘርን ዳንሰር የሚባለው የካናዳ ፈረስ ቁመቱ 157 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለነበረ ገና በውርንጭላነቱ ለጨረታ ቀርቦ የተጠየቀበትን ዋጋ የሚከፍል ጠፍቶ ነበር። እርሱ ግን በ1964 (እ.ኤ.አ.) ኬንታኪ ደርቢን አሸነፈ፤ ከሩጫ ከተገለለም በኋላ በዘመኑ ከነበሩት አባት ፈረሶች ሁሉ የላቀ ተጽዕኖ አሳደረ። ስለዚህ ድንጉላ በሜዳልያው ብቻ አይመረጥም፤ ልጆች ካሉት ልጆቹ ይታዩ፤ ከሌሉት ደግሞ እግሩ፣ ሰኮናውና ጠባዩ ይመርመር።

ቶሮብሬድ ለሩጫ ብቻ የሚረባም አይደለም። አውሮፓውያን ለዝላይና ለስፖርት የሚሆኑ ፈረሶቻቸውን ያሻሻሉት ከባዱን የአገራቸውን ባዝራ ከቶሮብሬድ ድንጉላ ጋር በማዳቀል ነው። ፉሪዮዞ የተባለው ቶሮብሬድ በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ባዝራዎች ላይ ቆሞ ሉተር ቤ የተባለውን ፈረስ አስገኘ። ይህም ፈረስ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ ኦሊምፒክ በዝላይ የወርቅ ሜዳልያ አስገኝቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የኖርማንዲ ባዝራ ትልቅና አጥንተ ጽኑ መሆኗ ነው። የእኛዋ ግን እንደዚያ አይደለችም።

የባዝራዋ መጠንና የቀለብ ሒሳብ

የአገራችን ፈረስ ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ125 እስከ 135 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ200 እስከ 250 ኪሎ ነው። ቶሮብሬዱ ከ160 ሳንቲ ሜትር በላይ ቆሞ 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ ባዝራው በቅድሚያ የሚፈራው ውርንጭላው ተልቆ እናቱን በወሊድ እንዳይገድላት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በካምብሪጅ ከባዱን የሻየር ፈረስ ከትንሿ ሸትላንድ ፈረስ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ አዳቅለው ውጤቱን በ1938 (እ.ኤ.አ.) አውጥተዋል። ግዙፉ ድንጉላ ከትንሿ ባዝራ የወለደው ውርንጭላ ሲወለድ የእናቱን መጠን የተከተለ ትንሽ ነበር፤ ምክንያቱም በማኅፀን ሳለ ዕድገቱን የሚወስነው በዋናነት የእናቲቱ አካል ነው። ፍርሃቱ በዚህ መጠን ይቀላል። ዳሩ ግን ከግንኙነቱ በራሱ የሚመጣ ጉዳት አለ። ድንጉላው በትንሿ ባዝራ ብልት ውስጥ መሰንጠቅ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ባዝራዋን ከፍ ባለው፣ ድንጉላውን ዝቅ ባለው ቦታ ማቆምና በሁለቱ መካከል በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጥቅል ከጭራዋ ሥር ማስገባት ያስፈልጋል። ከ130 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነችን ባዝራ ግን ባናስጠቃ እንመርጣለን።

ከዚህ የሚከብደው ቀለቡ ነው። ፈረስ በቀን ከክብደቱ መቶ ሁለት እጅ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 240 ኪሎ ለምትመዝን ባዝራ አምስት ኪሎ ገደማ ይበቃታል። 360 ኪሎ ለሚደርስ ክልስ ግን ከሰባት ኪሎ በላይ ያስፈልጋል። ልዩነቱ በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ በዓመት ሲታሰብ ግን ወደ ዘጠኝ ኩንታል ድርቆሽ ይጠጋል። ቀድሞ በለቡና በጀሞ ሜዳ ፈረስ ለቅቆ ማሰማራት ይቻል ነበር። አሁን ሜዳው ቤት ስለሆነ ድርቆሹ በገንዘብ ይገዛል፣ ፉርሽካውም እንዲሁ። ድንጉላ ቁመት ቢያወርስም ቀለብ አያወርስም። በክረምት ጠግቦ በበጋ የሚራብ ክልስ ከአገሩ ፈረስ የባሰ ይጎዳል፤ አጥንቱ ቀጭን ሆኖ ያድጋል፤ እግሩም ገና በወጣትነቱ ይበላሻል።

ስለዚህ ለጋሪ የሚሆን እንስሳ የሚፈልግ ሰው ይህን ድንጉላ ባይፈልግ ይሻለዋል። ለእርሱ ከጥሩ የአገር ድንጉላ ወይም ለበቅሎ ከተመረጠ አህያ ማስጠቃት የበለጠ ያዋጣዋል። ድንጉላው ለነጻ ነው ቢባል እንኳ ነጻው ድንጉላው ብቻ ነው። ለግልቢያና ለዝላይ የሚያረባ፣ ዓመቱን ሙሉ መኖ የሚችልና ደልደል ያለች የሰላሌ ዓይነት ባዝራ ያለው አርቢ ግን ከክልሱ ጥሩ ውጤት ሊጠብቅ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የደም ምርመራ

በዚህ ጽሑፍ አንባቢው አንዱን ብቻ የሚይዝ ቢሆን ይህን ይያዝ። ዱሪን የሚባል የፈረስ በሽታ አለ። የሚተላለፈውም በግንኙነት ነው። ተሕዋስያኑ ከገንዲ በሽታ አምጪ ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸው ሲሆኑ ዝንብ ግን አያስፈልጋቸውም። በሽታው በአገራችን በአርሲና በባሌ ደጋ መኖሩ በምርምር ተረጋግጧል። ለገበያ የሚመጣ ፈረስ ከየደጋው ስለሚነዳ በአዲስ አበባ ዙሪያ አይገኝም ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ምልክቱ በብልት አካባቢ በሚታይ እብጠትና ፈሳሽ ይጀምራል። ቀጥሎ በቆዳ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ብቅ የሚልና ተመልሶ የሚጠፋ እብጠት ይታያል። በመጨረሻ እንስሳው እየበላ ይከሳል፤ የኋላ እግሩ እየላመ ይሄድና መነሣት ያቅተዋል። መጥፎው ነገር እነዚህ ምልክቶች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይታዩ መቆየታቸው ነው። አህያማ ምንም ሳይመስል በሽታውን ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ በቅሎ ለማግኘት ባዝራ የሚያጠቃ አህያም ከምርመራ አያመልጥም። ክትባት የለውም። አስተማማኝ መድኃኒትም ስለሌለ ብዙ አገሮች የታመመውን እንስሳ ያስወግዳሉ። አንድ ድንጉላ በአንድ ወቅት ሠላሳና አርባ ባዝራ የሚያጠቃ መሆኑን ስናስብ፣ አንድ ያልተመረመረ ፈረስ የአንድ ሰፈርን ባዝራ ሁሉ ሊያጠፋ እንደሚችል ግልጽ ነው። በጋሪ የሚተዳደር ቤተሰብ ባዝራው ስትወድቅ መሶቡ ባዶ ይሆናል።

በመሆኑም ድንጉላውም ባዝራዋም ከመገናኘታቸው በፊት ደማቸው ይመርመር። ከመካኒሳ በጀሞ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሰበታ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይገኛል። ናሙና የሚወሰደውና የሚላከው በወረዳው የእንስሳት ሐኪም በኩል ስለሆነ አስቀድሞ እርሱን ማነጋገር ይገባል። የድንጉላው ባለቤት የምርመራውን ወረቀት ለማሳየት ካመነታ ባዝራዎን ይዘው ይመለሱ። ስድብ አይደለም፤ ሥርዐት ነው።

ሁለተኛው ጠላት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ ነካሽ ነፍሳት ስለሆነች በሽታው ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ከውጭ የመጣ፣ በሽታውን የማያውቅ ፈረስ በሳምባ በሚገለጠው ዓይነት ከተያዘ የመዳን ተስፋው እጅግ ትንሽ ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ይዘጋጃል፤ ወቅቱ ሳይደርስ መስጠት ያስፈልጋል። ባዝራዋን ከማስጠቃት በፊት ማስከተብ ይመረጣል፤ ክትባቱ ሕይወት ያለው ስለሆነ እርጉዝ ላይ ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም። በሽታው በአገራችን በመኖሩ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ፈረስ ተመልሶ ለመውጣት እጅግ ይቸገራል፤ ድንጉላ የሚያስመጣ ሰው ይህን አውቆ ያስመጣ።

ድንጉላው ሲመጣና ሲያጠቃ

ከሩጫ የወጣ ፈረስ በማግስቱ ለእርባታ አይቀርብም። በሩጫ ዘመኑ ባዝራ ባየ ቁጥር ሲገሠጽ ስለኖረ መጀመሪያ ላይ ፈራ ተባ ሊል ይችላል። ጡንቻ የሚያዳብር መድኃኒት ተሰጥቶት ከነበረም ዘሩ ይደክማል። የድንጉላ ዘር ተፈጥሮ ለመብሰል ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅ ቢያንስ ይህን ያህል ይረፍ፤ በዚህ ጊዜ ከ2,200 ሜትር በላይ የሆነውን የከተማችንን ከፍታም ይለምዳል። ለምን ከሩጫ እንደተገለለም ይጠየቅ። በአደጋ የተሰበረ እግር አይወረስም። ሲሮጥ ጉሮሮው የሚያፏጭ ወይም ከሳምባው የሚደማ ፈረስ ግን ጉድለቱን ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል።

ባዝራ በየ21 ቀኑ ግድም ድንጉላ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷም ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። ምልክቶቹ ጭራ ማንሣት፣ ደጋግሞ መሽናትና ድንጉላ ሲቀርብ አለመራገጥ ናቸው። እንቁላሉ የሚወርደው ፍላጎቷ ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አስጠቅቶ መሄድ ድካም ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቀን እየዘለሉ ማስጠቃት ይሻላል። በጥቅምት የተጠቃች ባዝራ በመስከረም፣ ሣር በሞላበት ጊዜ ትወልዳለች፤ ወተቷም ይበረክታል። በእኛ አገር የቀንና የሌሊት ርዝመት ብዙ ስለማይለያይ ሌላውም ወር የተዘጋ አይደለም።

ስለ ክፍያ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው በጽሑፍ ቢዋዋሉ ይመረጣል። በዚያም ወረቀት ላይ የድንጉላው ስምና ዘር፣ የምርመራው ቀን፣ የተጠቃችበት ቀን፣ የክፍያውም ልክ ይጻፍ። ባዝራዋ ካልያዘች ድንጉላው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደግም ይጠቀስ። መያዝ አለመያዟ ከ18 እስከ 21 ባለው ቀን ድንጉላውን አቅርቦ በማየት ይሞከራል፤ ከ40 ቀን በኋላ ደግሞ ሐኪም በእጁ ዳስሶ ያረጋግጣል። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በባዝራዋ ባለቤት እጅ ይቅር፤ ውርንጭላው ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው በቅድሚያ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።